«ካርታው ላይ ነን!»፦ ታል ብሮዲ እና አንዲት ዓረፍተ ነገር

እሷ፦ ሰላም ውድ አድማጮቻችን። እኔ እስራኤል መጥቼ ዕብራይስጥ ስማር፣ ተሳስቼ እንዳይሳቅብኝ በመፍራት አፌን ዘግቼ የተቀመጥኩባቸው ወራት ነበሩ። ያኔ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የታል ብሮዲን ታሪክ የነገረኝ ሰው ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ!

እሱ፦ እኔ ግን ከኳሱ ብንጀምር እመርጣለሁ፤ ሰውየው በዓረፍተ ነገር ብቻ ሲታወስ ይቆጨኛል።

እሷ፦ እሺ፣ ጀምር።

እሱ፦ ብሮዲ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1943 በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በምትገኘው ትሬንተን ተወለደ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስሙ የገነነ አቀባይ ነበር። በ1965 በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የሚጫወተው ባልቲሞር ቡሌትስ መረጠው። በዚያው ዓመት ግን ለማካቢያ ጨዋታዎች፣ ለአይሁድ ስፖርተኞች ውድድር፣ ወደ እስራኤል መጣ። የእስራኤሉ ክለብ ማካቢ ቴል አቪቭ እንዲመለስ ለመነው፤ እሱም ኤንቢኤን ትቶ በ1966 ተመለሰ።

እሷ፦ ያኔ የእስራኤል ቅርጫት ኳስ በአውሮፓ ማን ያውቀው ነበር?

እሱ፦ ማንም! እሱ በመጣበት የውድድር ዘመን ግን ማካቢ ለአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። በጣሊያኑ ቫሬዜ ተሸነፈ። ቫሬዜን አደራ እንዳትረሺ፣ እንመለስበታለን። ከዚያ ለአሜሪካ ጦር አገልግሎት ሄደ፤ በ1970 በዓለም ሻምፒዮና ለአሜሪካ ተጫወተ፤ ተመልሶም ማካቢን ያዘ።

እሷ፦ አሁን ወደ ቪርተን ውሰደን።

እሱ፦ ቪርተን የቤልጂየም ትንሽ ከተማ ናት። ሶቪየት ኅብረት ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ ነበር። የሶቪየቱ ክለብ ሲኤስካ ሞስኮ ወደ ቴል አቪቭ አይሄድም፣ ማካቢም ሞስኮ አይገባም። ስለዚህ ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1977 በሰው አገር፣ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ተገናኙ። ሲኤስካ አራት ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ የበላ ኃያል ቡድን ነው። ማካቢ 91 ለ 79 አሸነፈ!

እሷ፦ ማይክሮፎን የቀረበለትም ያኔ ነው። የቡድኑ አምበል፣ የ33 ዓመት ሰው፣ ሰዉ ከቦት፣ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። «አናኽኑ አል ሃማፓ!» አለ። ካርታው ላይ ነን፣ ካርታው ላይም እንቆያለን፤ በስፖርት ብቻ አይደለም፣ በሁሉም ነገር!

እሱ፦ አባባሉ የዕብራይስጥ አልነበረም።

እሷ፦ አልነበረም! በእናቱ ቋንቋ በእንግሊዝኛ አስቦ፣ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለሰው፤ ዓለም አወቀን፣ ቦታ አገኘን ለማለት ነው። ቅላጼውም ያው የአሜሪካ ነው። ያቺ ከሌላ አገር የመጣች አነጋገር ግን ዛሬ የዕብራይስጥ ሀብት ናት። የአገሬው ሰው፣ አፉን በዕብራይስጥ የፈታው፣ ሲደሰት የእሱን ቃል ይዋሳል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። ቫሬዜን ግን አልረሳሁም። ኤፕሪል 7 ቀን 1977፣ ቤልግሬድ፣ የዚያው የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ፤ ተጋጣሚው ያው ከአሥር ዓመት በፊት ያሸነፈው ቫሬዜ!

እሷ፦ 78 ለ 77።

እሱ፦ በአንዲት ነጥብ! ጂም ቦትራይት፣ ኦልሲ ፔሪ፣ ሚኪ ቤርኮቪች፣ አሠልጣኙ ራልፍ ክላይን፤ ሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል። ለእስራኤል የመጀመሪያው የአውሮፓ ዋንጫ ነበር። በዚያው ሌሊት፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ይትስሃቅ ራቢን ባለቤታቸው ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ በአሜሪካ ባንክ በነበራቸው የዶላር ሒሳብ ምክንያት ሥልጣን እንደሚለቁ በቴሌቪዥን ተናገሩ። ሕዝቡ እየጨፈረ ነበር የሰማው።

እሷ፦ ብሮዲ በ1979 «የእስራኤል ሽልማት» የተባለውን የአገሪቱን ትልቅ የክብር ሽልማት ተቀበለ፤ ከስፖርተኞች የመጀመሪያው። በቀጣዩ ዓመት ጫማውን ሰቀለ።

እሱ፦ የቪርተኑን ድምፅ እናሰማቸው?

እሷ፦ እናሰማ። አድማጮቻችን፣ በተለይ ቋንቋውን ገና እየተማራችሁ ያላችሁ፣ ቅላጼውን አድምጡልኝ።