መሠረታዊ ወይስ ተግባራዊ ምርምር፤ እንዶድ የወሰደው ክፍል

ሰላማዊት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። የዛሬው ርእሳችን ገንዘቧ ውስን የሆነ አገር ለማወቅ ብቻ ከሚደረገው መሠረታዊ ምርምርና አንድን ችግር ለመፍታት ከሚደረገው ተግባራዊ ምርምር ለየትኛው ቅድሚያ ትስጥ የሚለው ነው። ብሩክ ግን ማይክሮፎኑ ሳይከፈት ስለ እንዶድ ማውራት ጀምሯል።

ብሩክ፦ ከእንዶድ የተሻለ መግቢያ ስለሌለ ነው። አያቴ ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ የደረቀውን ፍሬ በሙቀጫ ወቅጠው ውሃ ውስጥ ይነክሩትና አረፋው እስኪነሣ ያሹታል፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ብናኙ አፍንጫችን እየገባ ስናነጥስ እንውላለን።

ሰላማዊት፦ አያትህ በዚህ ፖድካስት ከእኔ የበለጠ የመናገር ዕድል አላቸው።

ብሩክ፦ ይገባቸዋል! ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በውሃ የሚተላለፈውን የቢልሃርዝያ በሽታ ትል የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ቢጠይቋት፣ ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ሰላማዊት፦ ይህ እኮ ተግባራዊ ምርምር ነው። በሽታው ነበረ፣ መከላከያ ተፈለገ፣ ተገኘ።

ብሩክ፦ እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ገዳዩ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ አንዱም በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን ተባለ። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ በአብዛኛው የሚገኘው ቀንድ አውጣን በማይገድል መልኩ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው በራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከሳፖኒኑ ሁለት የስኳር ሰንሰለቶች አንዱን ይቆርጠዋል፤ ገዳይ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የአያቴ ሙቀጫና ውሃ...

ሰላማዊት፦ አያትህ ግን ስለ ኢንዛይሙ ሳያውቁ ነው በውሃ የነከሩት። ኬሚስትሪው የመጣው ዘግይቶ ነውና ክርክሩን ለእኔ አስረክበኸኛል።

ብሩክ፦ ጋቢ ለማጠብ ኢንዛይሙን ማወቅ አያስፈልግም፤ ወንዝ ለማከም ግን መጠኑን፣ ውሃው ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ዓሣንም እንደሚገድል ማወቅ ግድ ነው።

ሰላማዊት፦ አድዋ ላይ እኮ ያ ሁሉ ሳይጠናቀቅ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን በውጭ ያሉ ተቋማት ስለ መርዛማነቱ ተጨማሪ ጥናት ሲጠይቁ ዓመታት አለፉ። የታመመ ልጅ ያላት እናት ይህን እንድትጠብቅ እንዴት ይጠየቃል?

ብሩክ፦ የጥያቄው አቀራረብ ፍትሐዊ ነበር አልልም። ጥያቄው ራሱ ግን ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ የሚነካ ስለሆነ ተገቢ ነበር።

ሰላማዊት፦ ግማሹን ተቀብያለሁ። አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ።

ብሩክ፦ ርእሱ ላይ ነን! አሜሪካዊው የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ ቶማስ ብሮክ በአሜሪካ የሎስቶን ፓርክ ፍል ውሃ የሚኖር ባክቴርያ ሲፈልግ በሽታ አላሰበም፤ ከዚያ ባክቴርያ የተገኘው ኢንዛይም ግን በኋላ ዲኤንኤን አባዝቶ ለሚመረምረው ለፒሲአር ዋና መሣሪያ ሆነ። እንዶድ ደግሞ መንገዱን ገልብጦ ከወንዝ ዳር ወደ ላቦራቶሪ ሄደ።

ሰላማዊት፦ ፒሲአር እስኪመጣ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። ያን ያህል መጠበቅ የምትችለው ሀብታም አገር ናት።

ብሩክ፦ እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመውና ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርቷል።

ሰላማዊት፦ ጣሪያው አንድ ቢሆንም በጀቱ ሲቆረስ አንዱ ይቀድማል፤ እኔም አሁን ድረስ ተግባራዊውን አስቀድማለሁ።

ብሩክ፦ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስን ሳልጠቅስ ግን አልዘጋም። ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው 44 ቁጥር የተሰጠውን መርጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከአክሊሉ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል።

ሰላማዊት፦ የተሻለ ተክል መምረጥ የግብርና ሥራ ነው። አመንክልኝ።

ብሩክ፦ የመረጡት በምን መመዘኛ እንደሆነ ጠይቂኝ እንጂ! ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉን ለክተው እኮ ነው።

ሰላማዊት፦ እሱንም ተግባራዊ ነው እላለሁ፤ አንተ ደግሞ አያትህን ትጠራለህ። ሰዓታችን አልቋል፣ አድማጮቻችን።