ዶሮዋን በሁዳዴ በላናት

ናቲ፦ ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ኦንላይን ጌም ነው የምናወራው። ካዥዋል የሚባለውን፣ ቀለል አድርጎ የሚጫወተውን፣ ከሃርድኮሩ፣ ከምር ከያዘው፣ የሚለየው ምንድን ነው?

ህሊና፦ ርዕሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ለምኜህ ነው እሺ ያልከኝ። ስለዚህ እኔ ልጀምር። ለኔ ሰዓት እና ራንክ፣ ማለት ጌሙ የሚሰጥህ ደረጃ፣ ነው። በቀን አምስት ሰዓት የሚጫወት ሃርድኮር ነው። እሁድ ከሰዓት ሲደብረው ከፍቶ የሚዘጋ ካዥዋል ነው። በቃ።

ናቲ፦ አይደለም።

ህሊና፦ ገና ምን አልኩና!

ናቲ፦ አይደለም ህሊናዬ። እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ሀሳቤን ያስቀየረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። የሪያዷ።

ህሊና፦ የምጣዷ?

ናቲ፦ የምጣዷ! ለአዲስ አድማጮቻችን ልንገራችሁ። ፐብጂ መቶ ሰው ደሴት ላይ ወርዶ አንድ ወገን እስኪቀር የሚታኮስበት ጌም ነው። እዛ ላይ መጥበሻ አለ። ጀርባህ ላይ ካንጠለጠልከው ጥይት ይመልሳል። እሷ ምጣድ ነው የምትለው። ሰው ሁሉ ከአውሮፕላን ወርዶ ጠመንጃ ሲፈልግ እሷ "ምጣድ ያየ!" ትላለች። አሁን አራታችንም ምጣድ ነው የምንለው።

ህሊና፦ እኔም እኮ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስጫወት "ምጣድ" እያልኩ ነው። ማንም አይገባውም።

ናቲ፦ ስኳዳችን፣ አብሮ የሚጫወተው ቡድናችን፣ እንዲህ ነው። እኔ አዲስ አበባ። እሷ ሪያድ። ወንድሟ ቨርጂኒያ። አራተኛው የሰፈራችን ልጅ ነው። እሷ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለራሷ የምትለው ጊዜ አርብ ማታ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው። ሪያድ እና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ እሱ ጠቅሞናል። ወንድሟ ግን በበጋቸው ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። የምሳ እረፍቱን አዘግይቶ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚገባው።

ህሊና፦ በሳምንት አንድ ሰዓት። ያ ማለት ሁለት ጌም ነው።

ናቲ፦ ሁለት። ቶሎ ከሞትን ሦስት።

ህሊና፦ ራንኳስ?

ናቲ፦ ሲልቨር። ከታችኞቹ ደረጃዎች አንዱ።

ህሊና፦ በኔ ሂሳብ ካዥዋል ናት። ምንም ክርክር የለውም።

ናቲ፦ ቆይ ስሚኝ። ይቺ ልጅ 3 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሎቢ ውስጥ፣ ጌሙ ከመጀመሩ በፊት የምንጠባበቅበት ቦታ፣ ናት። ቻርጇ ሞልቷል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ማታ ከመተኛቷ በፊት ስለ ካርታው ቪዲዮ ታያለች። ኤራንግል የሚባለው ካርታ 8 ኪሎ ሜትር በ8 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና የት የት እንደሚገኝ በቃሏ ታውቃለች። እኔ በየቀኑ እየተጫወትኩ አላውቀውም!

ህሊና፦ ኤራንግል እኮ ስሙ ከሴት ልጅ ስም የመጣ ነው። ፐብጂን የፈጠረው አየርላንዳዊው ብሬንዳን ግሪን ከሴት ልጁ ስም ነው ያወጣው።

ናቲ፦ እውነትሽን ነው? መቶ ሰው የሚተላለቅበትን ደሴት በልጁ ስም! አርብ እነግራታለሁ። ትወደዋለች። አሁን የሁዳዴውን ታሪክ ልንገርሽ።

ህሊና፦ ከርዕሱ እየወጣን ነው።

ናቲ፦ ርዕሱ ውስጥ ነው ያለው፣ እመኚኝ። እኔ አክስቴ ቤት ነው የምኖረው። ያን አርብ ድምፁን ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ። አክስቴ ሳሎን ናት። እኔ ሞቻለሁ። ወንድሟም ሞቷል። የሰፈሩ ልጅ ኔትወርክ ጥሎታል። እሷ ብቻዋን ቀርታለች። ሳር ውስጥ ተኝታለች። ሁለት ጠላት ነው የቀረው። አንዱ ከኋላ ተኮሰባት። ቃንግ!

ህሊና፦ ምጣዱ!

ናቲ፦ ምጣዱ መለሰላት! ዞረች፣ ጣለችው። የመጨረሻውን ሰውዬ ዞኑ፣ ከውጭ እየጠበበ የሚመጣው ገዳይ ክልል፣ በላው። ስክሪኑ ላይ ዊነር ዊነር ቺክን ዲነር ወጣ፣ ላሸናፊው የዶሮ እራት እንደማለት ነው። እሷ ከሪያድ በሙሉ ድምጿ ጮኸች። "ዶሮ በላን! ዶሮ በላን!"

ህሊና፦ በሁዳዴ።

ናቲ፦ በሁዳዴ! አክስቴ በሩን በርግዳ ገባች። "ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ከዛ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ "አንቺ ልጅ፣ ሰው አገር ሄደሽ ጾም ፈታሽ?" አለቻት። ከሪያድ ድምፅ ጠፋ። ከዛ በጣም ቀስ ብላ "እማዬ፣ ጌም ነው" አለች። አክስቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ጌምስ ቢሆን!"

ህሊና፦ ወይኔ አክስትህ! ሆዴን አሳመመችኝ።

ናቲ፦ ከዛ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች። "ይቺ ዶሮ የምትባለው ምንድን ናት?" አለች። ልጇ ታስረዳት ጀመር። ከዶሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጤንነት፣ ከጤንነት ወደ ሠፈር። የቀረው ሰዓት በወሬ አለቀ። እኛ ሦስታችን ሎቢ ውስጥ ዝም ብለን ሰማን። ማንም "እንጀምር" አላለም። አሁን አክስቴ አርብ 3 ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ዋይፋይ የያዘውን ሁሉ ስልክ ትሰበስባለች። ሲያልቅ መጥታ "ዶሮዋ ተገኘች?" ትላለች።

ህሊና፦ ይሄ ሁሉ ያምራል። ግን ሃርድኮር ናት ለማለት አይበቃም። ቤተሰብ ናችሁ፣ ትዋደዳላችሁ።

ናቲ፦ እሺ፣ ሌላ ልንገርሽ። አንድ አርብ ጌም መሃል ላይ ነን። እሷ ተመትታ ወድቃለች፣ እየዳኸች ነው። ላነሳት እየሄድኩ ነው። አክስቴ "ቡና ፈላ" አለች። ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁ። "ጌም አይደል" ብዬ። ስመለስ አልቋል። ምንም አልተናገረችኝም። የሚቀጥለው አርብ ላይ ሎቢ ውስጥ አገኘኋት። "ዛሬ እስከ መጨረሻው ነህ?" ብላ ጠየቀችኝ። በጣም ነው የተሰማኝ። እኔ በቀን ሦስት ሰዓት እጫወታለሁ። እሷ በሳምንት አንድ። ሃርድኮሩ ማን ነው?

ህሊና፦ አንተ ነህ። ግን ባለጌ ሃርድኮር ነህ።

ናቲ፦ እኔ ግን ልዩነቱ ቀጠሮ ነው እላለሁ። ሰው የሚጠብቀው ተጫዋች አለ። ማንም የማይጠብቀው፣ ሲፈልግ ገብቶ ሲፈልግ የሚወጣ አለ።

ህሊና፦ እንግዲህ ስለኔ ልናወራ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሌሊት ተረኛ ነኝ። እረፍቴ ከማንም ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ብቻዬን ገብቼ ከማላውቃቸው ጋር ነው የምጫወተው። አንዳንዴ ስድስት ሰዓት። ክራውን የሚባል ከፍተኛ ደረጃ ደርሻለሁ። የመጨረሻው ደረጃ ኮንከረር ለመግባት ሁለት ሲዝን ታግያለሁ። በየሰርቨሩ 500 ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ባንተ አባባል ግን ማንም ስለማይጠብቀኝ ካዥዋል ነኝ?

ናቲ፦ እ... እንደዛ ለማለት ፈልጌ አይደለም።

ህሊና፦ አልክ እኮ! ሲልቨር ላይ ደግሞ ግማሹ ጠላት ቦት ነው፣ ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው። ቆሞ ነው የሚጠብቅህ። እኔ ጋ ያሉት በአራት ጣት የሚጫወቱ፣ ስልካቸውን እያዘነበሉ የሚያነጣጥሩ ናቸው። እዛ ለመድረስ ሰዓት ያስፈልጋል። ስንት ሌሊት ነው የከፈልኩት!

ናቲ፦ ችሎታ ሌላ ነው፣ እሱን አልነካሁም። የቨርጂኒያው ልጅ የነገረኝን ልንገርሽ። እሱ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባል ሌላ የኦንላይን ጌም ነበር የሚጫወተው። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 መጨረሻ ላይ ነው ጨዋታው የወጣው። ሞልተን ኮር የሚባል ቦታ ነበረው። የሚገባው በቡድን ነው፣ እስከ 40 ሰው ድረስ። 40 ሰው በአንድ ማታ፣ በአንድ ሰዓት! ግማሹ ሥራ አለው፣ ግማሹ ልጅ አለው። የሚያክሙት ከቀሩ ሌላው ሁሉ ማታው ከሰረ። እዛ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጠላት ራግናሮስን የመጀመሪያው ቡድን ለመጣል አምስት ወር ገደማ ፈጀበት።

ህሊና፦ አምስት ወር! ይኸው፣ ሰዓት!

ናቲ፦ ቆይ። በ2019 ያንኑ የድሮውን ጨዋታ ክላሲክ ብለው መልሰው አወጡት። ራግናሮስ ሳምንት ሳይሞላው ወደቀ።

ህሊና፦ ተመልከት! ሰው ራሱ ሃርድኮር ሆኗል። በ2005 ጀግና የሚባለው ዛሬ ተራ ተጫዋች ነው።

ናቲ፦ የ15 ዓመት እውቀት ተከማችቷል፣ ሁሉም መንገዱን ያውቃል። የወጣው ቅጂም ከመጀመሪያው ቀለል ያለ ነበር። ግን ልክ ነሽ፣ ይሄን አልክድም።

ህሊና፦ አመሰግናለሁ።

ናቲ፦ ናክስራማስ የሚባል ሌላ ቦታ ደግሞ ነበር። በ2006 ሲከፈት በጣም ጥቂት ሰው ነው ያየው። ከባድ ነበር፣ 40 ሰው ይፈልጋል። በ2008 ለ10 እና ለ25 ሰው አድርገው መልሰው አመጡት። በ2011 ደግሞ ጭራሽ አንድ ቁልፍ ሠሩ። ትጫኛለሽ፣ ከማታውቂያቸው 24 ሰዎች ጋር ያስገባሻል። የቨርጂኒያው ልጅ ያኔ ነው የተወው። "ሰላም የሚል ሰው ጠፋ" አለኝ። ብወጣም ባልወጣም በኔ ቦታ ሌላ ይገባል አለኝ።

ህሊና፦ እዚህ ላይ በጣም ነው የምቃወምህ። ያ ቁልፍ ለኔ ዓይነቱ ሰው ነው የተሠራው! ተረኛ ስለሆንኩ ታሪኩን እስከ መጨረሻ ማየት የለብኝም? 40 ሰው ማስጠበቅ ስለማልችል በር ላይ ልቅር?

ናቲ፦ ...ይሄን በዚህ በኩል አላየሁትም።

ህሊና፦ ቀጠሮ መያዝ መቻልም ዕድል ነው ናቲ። ሁሉም ሰው የለውም። ያንተ የሪያዷ እንኳን ያገኘችው አንድ ሰዓት ነው።

ናቲ፦ እሱን አንዷን ሰዓት ግን ለኛ ሰጠችን። የምለው እሱን ነው።

ህሊና፦ ደግሞ ሪቻርድ ባርትል የሚባል ሰው አለ። ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሮይ ትራብሾ ጋር ሆነው መድ የሚባለውን በጽሑፍ የሚጫወቱትን ጌም የሠራው። በ1996 ተጫዋቾችን ለአራት ከፈላቸው። ነጥብ እና ደረጃ የሚፈልጉ፣ ማሰስ የሚወዱ፣ ለሰው ብለው የሚገቡ፣ ሌላውን መግደል የሚያስደስታቸው።

ናቲ፦ ሰዓት የሚል አለበት?

ህሊና፦ የለበትም። ቀጠሮ የሚልም የለበትም!

ናቲ፦ እሷ ሦስተኛው ውስጥ ናት። ለሰው ብላ የምትገባ። አንቺ የመጀመሪያው።

ህሊና፦ እኔ ሌላም ልሆን እችላለሁ። ማን ጠርቶኝ ያውቃል?

ናቲ፦ ይሄንን ቁምነገር ብለሽ ነው?

ህሊና፦ አዎ። ክራውን ስደርስ "እንኳን ደስ አለሽ" ያለኝ አንድ ሰው የለም። ከማላውቃቸው ጋር ነበርኩ። ጌሙ አለቀ፣ ሁሉም ወጣ። ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ።

ናቲ፦ ...ዛሬ አርብ አይደል?

ህሊና፦ አርብ ነው። ዛሬ ተረኛ አይደለሁም።

ናቲ፦ ስንት ሰዓት ነው? ለ3 ሰዓት አስራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። የሰፈሩ ልጅ ክፍለ ሀገር ሄዷል። አንድ ቦታ ክፍት ነው።

ህሊና፦ ሲልቨር ጋ ወርጄ ልጫወት?

ናቲ፦ ከኛ ጋር ነው የምትጫወቺው። ፒንጉ፣ የኔትወርኩ መዘግየት፣ ለቨርጂኒያው ቀይ ይሆንበታል፣ ታገሺው። ማይክሽን ክፈቺ። አንድ ሕግ ብቻ አለን።

ህሊና፦ አውቀዋለሁ። ምጣድ ካገኘሁ ለሷ ነው።

ናቲ፦ ለሷ ነው! በሉ እንግዲህ፣ ሳምንት እንገናኝ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ስልክ እየሰበሰበች ነው።