እጃችንን እንሰብስብ

ክቡራን ወላጆች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ያውም ቅዳሜ ጠዋት፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ርዕሰ መምህራችን ስለ ክልሉ የሳይንስ አውደ ርዕይ ዝግጅት እንድናገር ጠይቀውኛል። የምዝገባው ቀን፣ የሚሞላው ፎርም፣ የጉዞው ወጪ፣ ሁሉም በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። እሱን አልደግመውም። እኔ ይዤ የመጣሁት አንድ ጉዳይ ነው። ዓመታት ሆዴ ውስጥ ቆይቷል፤ ዛሬ ላውጣው።

የልጆቹን ሥራ የምንሠራው እኛ ነን። እኛ መምህራንና እናንተ ወላጆች።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። ሲመሽ ራሱ የሚበራ፣ ሲነጋ ራሱ የሚጠፋ የመንገድ መብራት ልሥራ አለኝ። ደስ አለኝ። ጨለማ ሲሆን ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሟ የሚጨምር ትንሽ ዕቃ አለች፤ ኤልዲአር ትባላለች። እሷን እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ከምትሠራ ትራንዚስተር ጋር በትክክል ካገናኟት መብራቱ በራሱ ይበራል። ዕቃውን ከመርካቶ አስመጣሁለት። ሞከረ፤ እምቢ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ትራንዚስተሯ ጋለች፣ ሸተተች፣ ተቃጠለች። ውድድሩ ሦስት ቀን ቀርቶታል። «ተወው፣ ስጠኝ» አልኩት።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ በየድኩት። ኮምፔንሳቶውን ጥቁር ቀባሁና አስፋልት አደረግሁት። ከእስክሪብቶ ቀፎ የመብራት ምሰሶ አቆምኩ። ባለቤቴ «አንተ ነህ እንዴ የምትወዳደረው?» አለችኝ። አልሰማኋትም።

ውድድሩ ቀን አንዲት ዳኛ መጡ። መዳፋቸውን ኤልዲአሯ ላይ ከደን አደረጉ። በራ! «ጎሽ!» አሉት። ቀጥለው በጣታቸው የኤሌክትሪኩን ፍሰት የምትገድብ አንዲት ሬዚስተር አሳዩትና «ይቺ እዚህ ባትኖር ምን ይፈጠራል?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ። ሰው መሐል ቆሜያለሁ። አይኑን አሁንም አልረሳውም። አቀረቀረ፤ እኔም አቀረቀርኩ።

ቤቴ ገብቼ ነው ነገሩ የገባኝ። የመጀመሪያዋ ትራንዚስተር የተቃጠለችው ልጁ ያችን ሬዚስተር ስላልገጠመ ነበር! የዳኛዋን ጥያቄ መልስ በገዛ እጁ አይቶታል፤ ጭሱን አሽትቶታል። «ለምን የተቃጠለች ይመስልሃል?» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቀን አቀርቅሮ አይቆምም ነበር። የተቃጠለችውን ትራንዚስተር አንስቼ ቆሻሻ ውስጥ የጣልኳት እኔ ነኝ። ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዛሬ እናንተንም እጠይቃለሁ።

አሁን ሁለተኛውን ልንገራችሁ። ይሄኛው ያኮራኛል፤ ያናድደኛልም።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንድ ቀን ከክፍል በኋላ መጣች። «ቲቸር፣ መጽሐፉ ነው የተሳሳተው ወይስ ቴርሞሜትራችን ተበላሽቷል?» አለችኝ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። እሷ ቤቷ ወስዳ ስትለካ 91 ላይ ተንፈቀፈቀ፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ መጣ። ያን ልጅ አስታወስኩና ዋጥኩት። «ቴርሞሜትሩ ደህና መሆኑን በምን ታረጋግጫለሽ?» አልኳት።

በማግስቱ በፌስታል በረዶ ይዛ መጣች። ጭማቂ ቤት ለምና ነው። የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከተተችው፤ ዜሮ አነበበ። ቴርሞሜትሩ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?

የገና ዕረፍት ላይ አክስቷ ጋ ሸዋ ሮቢት ወረደች። ቴርሞሜትሩን በካልሲ ጠቅልላ ይዛዋለች። ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲናን የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ጃኬቱን እያወለቀ ነው የሚደርሰው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። እዚያ ውሃው 96 ላይ ፈላ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ ውሃውን በርትቶ ይጫነዋል፤ ውሃው ለመፍላት የበለጠ መሞቅ አለበት። ይህን እኔ አልነገርኳትም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋ፣ ከመጽሐፍ ፈልጋ ራሷ ደረሰችበት። ከዚያ ደግሞ ምን አለች? «ቲቸር፣ እናቴ የባቄላ ንፍሮ እዚህ አልበስል ይለኛል የምትለው ለዚህ ነዋ!» ለዚህ ነው። የፈላ ውሃችን ከቆላው የፈላ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ደብተሯን ብታዩት! የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተሰረዘ ቁጥር አለ። ቴርሞሜትሩ የድስቱን ቂጥ ነክቶ አሳስቷት ነው። አጠገቡ «ድስቱን ነክቶ ነበር፣ አይቆጠርም» ብላለች። ከዚያ ማማሰያ በድስቱ አፍ ላይ አጋድማ፣ ቴርሞሜትሩን በክር አንጠልጥላ እንደገና ለካች። ሦስት ጊዜ። ሥዕሉንም ሥላዋለች፤ ማማሰያው፣ ክሩ፣ ድስቱ።

ይዛው ተወዳደረች። ዳኞቹ መጡ። «ሞዴልሽ የታለ?» አሏት። «ሞዴል የለኝም፣ ደብተር ነው ያለኝ» አለች። አልገለጡትም። አንዲት ገጽ አልገለጡም! አጠገቧ ፏፏቴ የሚወርድበት፣ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል የግድብ ሞዴል ነበር። ወደዚያ ሄዱ። አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ባለ ሞዴሉን ልጅ በኋላ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። ጄኔሬተር ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። በልጁ አልፈርድም። አንድ ቴክኒሻን ተከፍሎት እንደሠራው የነገረኝ ራሱ ነው።

ወላጆች፣ አሁን የምናገረው ሊከብዳችሁ ይችላል። ገንዘብ ከፍለን ያሠራነውን ዕቃ ልጃችን ሠራው ብለን ማቅረብ ፈተና ላይ ለልጁ መልሱን ሹክ ከማለት በምን ይለያል? ኩረጃ ነው! ለልጅ የምናስተምረው «ሰው ይሥራልህ፣ አንተ ሽልማቱን ተቀበል» የሚለውን ነው። አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅስ? የግድቡን ብልጭልጭ ያየዋል፤ የራሱን ካርቶን ያየዋል። ሳይንስ የሀብታም ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያችን የደብተር ልጅ ደግመሽ ተወዳደሪ ለማለት ስንት ቀን እንደለመንኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዳኝነት የምትቀመጡ ባልደረቦቼም እዚህ አላችሁ። ቀለም አይታችሁ ነጥብ አትስጡ። ደብተሩን ግለጡ። የተሰረዘውን ፈልጉ። ስርዝ የሌለበት ደብተር ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ከሌላ ተገልብጦ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የክልል ውድድር ነው፣ በንፍሮ ማሸነፍ ይቻላል እንዴ?» ትሉኛላችሁ። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ነበሩ። ብልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ነው የሄዱት። ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ለምን እዚህ በዛ? ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው የእንዶዱን አረፋ ጨመሩበት፤ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ዓመታት የፈጀ ጥናት ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶዱን አያቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ያ ወንዝ ዳር ከእናንተ ወንዝ ዳር በምን ይበልጣል?

ወደ ዝግጅቱ ልመለስ፤ ሰዓቱም ሄዷል። ልጆች፣ እስከ ጥር መጨረሻ እያንዳንዳችሁ አንድ ጥያቄ አምጡ። ከኢንተርኔት የተቀዳ እሳተ ገሞራ አልቀበልም። ኮምጣጤና ሶዳ ሲገናኙ አረፋ እንደሚወጣ ሁላችንም አይተናል። የእናታችሁ ሊጥ በክረምት ለምን ቶሎ አይቦካም? የትኛው ጀሪካን ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ጥቁሩ ወይስ ቢጫው? እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው። ስትሞክሩ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይሁን። ሦስት ጊዜ ድገሙ። ያልሠራውንም ጻፉት፤ ገጽ መቅደድ ክልክል ነው።

ወላጆች፣ እሳት፣ አሲድ ወይም የግድግዳ ኤሌክትሪክ ያለበት ሙከራ ከሆነ አጠገባቸው ቁሙ። ከዚያ ውጪ እጃችሁን ሰብስቡ። ማታ ሲገቡ «ዛሬ ምን አየህ? ምን አየሽ?» በሏቸው። መልስ ግን አትስጡ። እንደሚከብድ አውቀዋለሁ።

ቤተ ሙከራው ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። እኔ እዚያ አለሁ። ቴርሞሜትር ያለን አራት ብቻ ስለሆነ ተራ ትይዛላችሁ። በረዶ ለሚያስፈልገው ጭማቂ ቤቱን አነጋግሬያለሁ፤ ፌስታል ብቻ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።