ትልልቆቹ ራሳቸውን ይችላሉ አትበሉኝ

እንደምን ዋላችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁት ልጆች። የመጣሁት ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚቆዩበት ማቆያ ለትልልቆቹም ይሁን ለማለት ነው። አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ፣ ጽፌ የመጣሁትም በቃሌ ከጀመርኩ ስለምናደድ ነው።

ትምህርት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፣ አብዛኞቻችን ከስራ ወጥተን ቤት የምንገባው ደሞ 12 አልፎ ነው። መሀል ያለውን ሰዓት እኔ የማውቀው በስልክ ነው። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ አለቃዬ እንዳያየኝ ሽንት ቤት ገብቼ ልጄጋ እደውላለሁ። ገባህ? አዎ። በላህ? አዎ። እያጠናህ ነው? አዎ። ሶስት አዎ፣ አለቀ። አንድ ቀን ታዲያ ሶስተኛውን አዎ ሲለኝ ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ፣ እኛ ደሞ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ በጓሮ በኩል ነው፣ መኪና የሚባል አይሰማም። ስልኩን ዘግቼ እዛው ቆሜ ቀረሁ፣ ምን ላድርግ፣ ስራ ጥዬ ልሂድ? ማታ ስጠይቀው "እማ፣ ቤት ብቻዬን ስሆን ይጨንቀኛል" አለኝ። 14 አመቱ ነው፣ በቁመት እኔን በልጦኛል።

ይሄን ስብሰባ ላይ ሳነሳ የተሰጠኝ መልስ ምን ነበር? ማቆያው ለትንንሾቹ ነው፣ ትልልቆቹ እኮ ራሳቸውን ይችላሉ! እስቲ ማነው የቻለው? የ6 አመት ልጅ ብቻውን ሲቀር ያለቅሳል፣ ጎረቤት ይሰማል። የ14 አመቱ አያለቅስም፣ ይወጣል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ተቆልፎ ባዶውን ይውላል፣ ልጆቹ ደሞ ከውጭ አጥሩ ስር ተደርድረው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። እናንተም እያያችሁ ነው የምታልፉት!

አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና 16 አመት ልጆች 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ሰክረናል ብለው ነበር፣ በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ገባ። የማታ ሰዓት ገደብም አለ፣ ወላጆችም ተደራጅተዋል፣ ግን ከዛ እኩል ስፖርቱን፣ ሙዚቃውን ምናምኑን አስፋፍተው ለቤተሰብ የክፍያ ድጋፍ ሰጡ። ልጁን አትውጣ ማለት ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትንም አዘጋጁለት።

እኛም ጋ ማቆያው ለትልልቆቹ ከተከፈተ የቤት ስራው እዛው ይሰራል፣ ውጤትም ሊሻሻል ይችላል፣ እሱን መምህራኑ ይንገሯችሁ።

እኔ የምጠይቀው ሁለት ክፍልና ሜዳው እስከ 12 ሰዓት ተኩል ክፍት እንዲሆን ነው፣ ደሞዝ ከሚከፈለው ሰው ጋር። በጎ ፈቃደኛ ብቻ አትበሉኝ፣ እሱም ስራ አለው፣ ሁለት ሳምንት መጥቶ ይጠፋል። ኮሚቴው ማክሰኞ ሲሰበሰብ ይሄ አጀንዳ ካልተያዘ ከስራ ቀርቼም ቢሆን በሩ ላይ ታገኙኛላችሁ። አመሰግናለሁ።