ትንፋሽ ከመቁጠር እስከ ጂን ኤክስፐርት፦ የልጆች ደረት ሕመም ምርመራ

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር፤ እናት ልጇን ታቅፋለች]

እንዴት ዋላችሁ። ዛሬ የልጆችን ሳል ነው የማወራችሁ። ቢቸናም ሁኑ ዳንግላ፣ ሞጣም ሁኑ ደምበጫ፣ ይህችን ወንበር ታውቋታላችሁ። ልጁ ሦስት ቀን አስሎታል፣ ያተኩሰዋል፣ ጡት እምቢ ብሏል። ቤት ውስጥ አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጭመቁለት» ይላል፤ ሌላው «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጡለት» ይላል። እንጥል ማስቆረጡን ግን አደራ፣ አታድርጉት። ልጁ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ የሳሉ ምክንያት ደግሞ እዚያው ደረቱ ውስጥ ነው።

[ምስል፦ የእጅ ሰዓትና የሕፃን ደረት]

የመጀመሪያው ምርመራ ማሽን አይፈልግም። ባለሙያዋ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል። አየር ሲስብ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደም እንደዚያው። ሳንባ ምች ይባልና አሞክሳሲሊን ይጀመርለታል፤ የማንንም ላቦራቶሪ ውጤት አይጠብቅም። መጠበቅም የለበትም። በፈረንጆቹ 2019 ብቻ ሳንባ ምች ከ740 ሺህ በላይ ከ5 ዓመት በታች ልጆችን በዓለም ላይ ገድሏል።

ግን ያመመው ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ወይስ ቲቢ፣ ትንፋሽ በመቁጠር አይለይም። ድሮ ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ነበር መንገዱ። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ለቲቢ ደግሞ ሳምንታት።

[ምስል፦ ጆንያ ሙሉ ጤፍ]

የሞለኪውል ምርመራው ባክቴሪያው እስኪያድግ አይጠብቅም፣ ዘረመሉን ነው የሚፈልገው። አንድ ጆንያ ጤፍ ውስጥ አንዲት የእንክርዳድ ፍሬ ገብታለች እንበል። በዓይን አታገኟትም። ማሽኑ ናሙናውን እያሞቀ እያቀዘቀዘ ያችን ፍሬ ብቻ ያባዛታል፤ አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አራት እያለች ሠላሳ ዙር ስትሄድ ከአንድ ቢሊዮን ታልፋለች። ያኔ መደበቅ አትችልም። ውጤቱ በአንድ ሁለት ሰዓት ይደርሳል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋነኛው፣ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ጤነኛ ልጅ አፍንጫ ውስጥም ያለ ችግር ይኖራል። ከአፍንጫ ናሙና ተወስዶ «ተገኘ» ቢባል ሳንባውን ያመመው እሱ ነው ማለት አይደለም። ማሽኑ መኖሩን እንጂ ጥፋተኛነቱን አይነግረንም።

ቲቢ ሌላ ነገር ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ከተገኘ ሕክምና ይጀመራል። ችግሩ ናሙናው ነው፤ ትንሽ ልጅ አክታውን አይተፋም፣ ይውጠዋል። የተዋጠው አክታ የት ይሄዳል? ወደ ሆዱ፣ ከዚያ ወደ ሰገራው። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 የልጆች ሰገራ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የሞለኪውል መመርመሪያ ማሽን እንዲመረመር የመከረው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ከአፍንጫ እስከ ጨጓራ ቱቦ ሳይገባበት፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ እናቱ በንጹሕ ዕቃ ትንሽ ሰገራ ይዛ መምጣት ብቻ ነው። ማሽኑ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ይናገራል።

ስለዚህ ልጃችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ካሳለ፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም አልጨምር ካለ «የሰገራ ጂን ኤክስፐርት ይሠራለት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

[ምስል፦ እናትና ሐኪም ሲነጋገሩ]

«አልተገኘም» ከተባለ ደግሞ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ልጆች ላይ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ማሽኑን ሊያመልጠው ይችላል። ሐኪሙ ኤክስሬዩን፣ ክብደቱንና የቤቱን ሁኔታ አይቶ መድኃኒት ሊያስጀምር ይችላል። አያትም ሆነ አጎት፣ ወይም ቤት የሚያድር ሌላ ሰው ሲያስል ከከረመ፣ ባትጠየቁም ንገሩት።