80 ለ 0፣ ከዚያስ?

ሰላም ናችሁ? ድምፄ ትንሽ ጎርነን ብሏል፣ የኤሲው ጦስ ነው፣ ቻሉኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አንዲት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ላወራችሁ ነው። ፊሊፒናዊት ናት፣ ጃክ አኒማም ትባላለች። ስሟን ሰምታችሁ ባታውቁ አይገርመኝም። እኔም የሰማሁት ዱባይ፣ ሳትዋ ውስጥ፣ ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ነው።

ከኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ አንዲት ፊሊፒናዊት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደነሱ ወግ «አቴ» እላታለሁ፣ ታላቅ እህት እንደማለት። የኛን «እትዬ» ስለሚመስል አፌ ላይ አልከበደኝም። የቡላካን ሰው ናት፣ ከማኒላ በስተሰሜን ነው። ጃክም የዚያው አገር ልጅ ናት፣ ማሎሎስ ከምትባል ከተማ። ስለዚህ አቴ ስለሷ ስታወራ የጎረቤት ልጅ የምታነሳ እንጂ ስለ ስፖርተኛ የምታወራ አይመስልም።

ጨዋታ ሲኖር ስልኳን ሩዝ ማብሰያው ላይ ታስደግፋለች። የሌሊት ፈረቃ የሠሩት ተኝተዋል፣ መጮህ አይቻልም። ስለዚህ ነጥብ ሲገባ የአልጋውን ብረት በጥፍሯ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ሲሳት ዝም። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቼ፣ ማን እየመራ እንደሆነ በብረቱ አውቅ ነበር።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ጃክ ማኒላ ውስጥ ለናሽናል ዩኒቨርሲቲ ነበር የምትጫወተው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከዘጠናን ያልፋል፣ ሴንተር ናት፣ ቅርጫቱ ሥር የምትጫወተው ማለት ነው። ከ2015 እስከ 2019 አምስት የውድድር ዘመን፣ አምስት ዋንጫ። 80 ጨዋታ ተጫወቱ፣ 80ውንም አሸነፉ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እስክትወጣ በዚያ ሊግ መሸነፍ ምን እንደሚመስል አላየችም! ቡድኑ ከሷ በፊት በ2014 ማሸነፍ ጀምሮ፣ ከሷም በኋላ ቀጥሎ፣ 108 ላይ ከደረሰ በኋላ በ2022 ኖቬምበር ነው የተሸነፈው።

በ2019 ዲሴምበር ደግሞ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች እዚያው ፊሊፒንስ ተካሄደ። የፊሊፒንስ ሴቶች ታይላንድን 91 ለ 71 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። ወንዶቹ ይህን ወርቅ መውሰድ ልማዳቸው ነው። ሴቶቹ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። ጃክ ሦስት ለሦስት ሆነው በሚጫወቱት ቅርጫት ኳስም ሌላ ወርቅ ጨመረች። የዚያን ቀን አቴ ብረቱን ትታ በእጇ መደብደብ ጀመረች፣ ሁለት ሰው ተነሥቶ ሰደባት።

ሰው ስለ ጃክ ሲያወራ የሚያነሳው 80 ለ 0ውን ነው። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ቁጥር ብዙም አይደንቀኝም። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይህን ሁሉ ካሸነፍሽ በኋላ የት ትሄጃለሽ?

ፊሊፒንስ በቅርጫት ኳስ ያበደ አገር ነው። አቴ እንደምትለው ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ሰፈር ይኖራል፣ ሪንግ የሌለበት ግን የለም። ወንዶቹ በነጠላ ጫማ ይጫወታሉ። ከ1975 ጀምሮ የራሳቸው ፕሮፌሽናል ሊግ አላቸው፣ በእስያ የመጀመሪያው። ለሴቶቹ ፕሮፌሽናል የሚባል ሊግ የመጣው ገና በኮሮና ጊዜ ነው። ደግሞ የሚያስቀው፣ ያኔ አገሩን ይገዙ የነበሩት አሜሪካኖች በ1910 ገደማ ጨዋታውን ወደ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ለሴት ተማሪዎች ብለው ነበር። መጀመሪያ የያዙት ሴቶቹ ናቸው፣ ደመወዙ ግን ለወንዶቹ ደረሰ።

እና ጃክ ምን አደረገች? እንደ አቴ፣ እንደኔም፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ታይዋን፣ ሺሕ ሲን ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያም ዋንጫ በላች። በ2021 ሰርቢያ፣ ራድኒችኪ ክራጉየቫች። ሰርቢያ ማለት እንግዲህ ቅርጫት ኳስ ቀልድ ያልሆነበት አገር ነው። ጥሩ ጀምራ ነበር። ገና በመጀመሪያው ዓመት ጉልበቷ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጠሰ፣ ኤሲኤል የሚሉት። የውድድር ዘመኑ አበቃ።

አቴ ዜናውን ያነበበችልኝ ወጥ ቤት ቆመን ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና «ብቻዋን ናት» አለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው።

ሰው አገር መታመም ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ የሰው ቤት ደረጃ ሳጸዳ ወድቄ የእጄ አንጓ የተሰበረ ቀን፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እጄን አይደለም። የወሩን ብር ነው፣ እማዬ ምን ትበላለች የሚለውን። አሠሪዬ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መቼ ትመለሻለሽ?» ነበር። የጃክን ክለብ ከዚህ ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፣ እንዴት እንደያዟት አላየሁም። ግን በሰውነቱ ለሚበላ ሰው ጉልበት ማለት እንጀራ ነው።

ተመለሰች። ቻይና ሄዳ ለዉሃን ተጫወተች። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ ሪንግዉድ ለሚባል ክለብ። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ። ካርታው ላይ ጣት ብታስኬዱ ይደክማችኋል። እነዚህን ክለቦች እኔ ከ80ው ድል አስበልጣቸዋለሁ። ማንም በስሟ በማይጮኽበት አዳራሽ እንደገና ከዜሮ መጀመር አለ።

በ2023 ጁን የእስያ ዋንጫ ሲድኒ ነበር። አቴ በዚያን ጊዜ ጠቅልላ አገሯ ገብታለች፣ ቤቷ ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ስለዚህ ብቻዬን ነው ያየሁት። አጠገቤ የሩዝ ማብሰያ እንኳን አልነበረም። ፊሊፒንስ ታይዋንን 92 ለ 81 አሸነፈች። ጃክ ከቅርጫቱ ሥር ክርኗን ዘርግታ ስትቆም አየኋት፣ ያንን ጉልበት አጥፋ፣ ተነሥታ፣ ኳሱን ከሰው በላይ ስትለቅም። ውድድሩን 6ኛ ጨረሱ። 

ጨዋታው እንዳለቀ ለአቴ ጻፍኩላት። አልመለሰችም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። መብራት ጠፍቶባት ነበር፣ ምንም አላየችም። ስንት ለስንት እንዳለቀ አልጠየቀችኝም።

«ጉልበቷስ?» ነው ያለችው።

«ስትሮጥ ነበር» አልኳት።