ብራውን ሚስቱን ያልጠየቃት ጥያቄ

የተከበራችሁ የሥነ ጽሑፍ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

የተሰጠኝ ርእስ የገጸ ባሕርያት ስም በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ስላለው ሚና ነው። ብዙ ድርሰት መጥራት ይቻላል። እኔ ግን ሁላችን በምናውቀው በአንዱ ላይ ልቆይ፤ አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሃውቶርን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1835 ባሳተመው «ያንግ ጉድማን ብራውን» ላይ።

ካገባ ሦስት ወር የሆነው ወጣቱ ብራውን፣ ሊመሽ ሲል ሚስቱን ተሰናብቶ ከሴለም መንደር ከሰይጣን ጋር ወደተቃጠረበት ጫካ ይገባል። ሚስቱ ፌይዝ ትባላለች፤ እምነት ማለት ነው፤ ቆቧ ላይ ሮዝ ሪባን ታስራለች። ጉድማን በዚያ ዘመን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ ከጌቶች በታች ያለ ተራ አባወራ የሚጠራበት ነው። በየክፍሉ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሰሌዳው በግራና በቀኝ ይከፈላል፤ ፌይዝ እምነት፣ ጉድማን ደግ ሰው፣ ሮዝ ሪባን ንጽሕና። ተማሪው ይገለብጣል፣ በፈተና ይመልሳል፣ ታሪኩ አለቀ ይባላል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህን ለመቃወም ነው!

ሚስቱን በስሟ ትርጉም ብቻ ያነበባት የመጀመሪያው ሰው ራሱ ብራውን ነውና። የጠፋውም በዚሁ ነው። ደራሲው ፌይዝን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዴት እንዳመጣት እዩ። ዛሬስ አትሂድ፣ ሌሊቱን ቤትህ እደር ብላ ትለምነዋለች። ብቻዋን የምታድር ሴት በሚመጣባት ሕልምና ሐሳብ ራሷን እስከመፍራት እንደምትደርስ ትነግረዋለች። ይህች የምትፈራ፣ የምትጨነቅ ሰው ናት። እሱ ግን ከተጋባን ገና በሦስት ወራችን ጠረጠርሽኝ ወይ ይላታል። መንገድ ከጀመረ በኋላም በልቡ የምድር መልአክ ያደርጋታል፤ ከዚህች ሌሊት በኋላ ቀሚሷን ይዤ ወደ ሰማይ እከተላታለሁ ይላል። ድነቱን በሌላ ሰው ቀሚስ ላይ አንጠልጥሎ ራሱ ወደ ሰይጣን ቀጠሮ ይሄዳል!

በጫካው ውስጥስ ምን ማስረጃ አገኘ? የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋይና ዲያቆን ጉኪንን በመጀመሪያ ድምፃቸውን ሰማ እንጂ ጥላቸውን እንኳ አላየም። ከጥቁር ደመና ውስጥ የወጣት ሴት ልቅሶ ሰማ፤ ከዚያ ሮዝ ሪባን ወርዶ ቅርንጫፍ ላይ ተያዘ። «ፌይዜ ጠፋች» ብሎ የጮኸው ያኔ ነው፤ በድምፅና በቁራጭ ጨርቅ። ኋላ በጫካው ውስጥ በሰይጣን ጉባኤ ላይ በእሳት ብርሃን ፊቷን ሲያይ፣ ወደ ሰማይ ተመልከቺ፣ ክፉውን ተቃወሚ ብሎ ይጮኽላታል። ትእዛዙን ትስማው አትስማው አላወቀም፤ ራሱን ጸጥ ባለ ሌሊት ብቻውን አገኘው። በማግስቱ ፌይዝ ሪባኖቿን እንዳሰረች በደስታ ልትቀበለው ትሮጣለች። ሪባኑ ራሷ ላይ ነው! እሱ ግን ፊቱን አጥቁሮ ሰላም ሳይላት ያልፋል። ዕድሜውን ሙሉ አብሯት ኖረ፤ ልጆችና የልጅ ልጆች አዩ፤ ያቺን ሌሊት የት ነበርሽ ብሎ ሲጠይቃት ግን ታሪኩ አያሳየንም።

አሁን ደግሞ ሰሌዳው ላይ ወደማይጻፉት፣ በታሪኩ ግን በጠንቋይነት ወደሚጠሩት ስሞች ልምጣ፤ ክሎይስ፣ ኮሪ፣ ካሪየር። እነዚህ ምሳሌ ሊሆኑ የተፈጠሩ አይደሉም። በ1692 በሴለም በጥንቆላ የተከሰሱ እውነተኛ ሴቶች ስም ነው። ማርታ ኮሪና ማርታ ካሪየር ተሰቀሉ፤ ሳራ ክሎይስ ታስራ ተረፈች። በዚያ ዓመት 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ አንድ አዛውንትም በድንጋይ ተጭነው ሞተዋል። ፍርድ ቤቱ ከተቀበላቸው ማስረጃዎች አንዱ ከሳሾች የተከሳሹን መንፈስ አየን ማለታቸው ነበር። ከመርማሪዎቹና ከዳኞቹ አንዱ ጆን ሃቶርን፣ የደራሲው የቅድመ አያት አባት ነው። እንግዲህ ብራውን በጫካ ባየው ምስል ጎረቤቶቹን ሲኮንን የማንን ወንበር እንደያዘ አስቡት! ብራውን ንጽሕናውን ያጣው እውነትን ስላወቀ ነው ብለን የምናስተምረው ዳኞቹን ደግፈን ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ተማሪው ደብተሩን ለሁለት ይክፈል፤ በአንዱ ወገን ብራውን ያየውን፣ በሌላው የሰማውን ይመዝግብ። ሪባኑ የተጠቀሰበትን ቦታ ሁሉ ያስምር። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

በሚቀጥለው ፈተናም «ፌይዝ ምንን ትወክላለች?» የሚለውን ጥያቄ ሰርዙልን። በምትኩ ብራውን በማግስቱ ጠዋት ሚስቱን ምን ብሎ ሊጠይቃት ይገባ እንደነበር ጠይቁ፤ ተማሪውም መልሱን ከታሪኩ እየጠቀሰ ያስረዳ።

አመሰግናለሁ።